ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ፦ በስፌት መርፌና በእንቁላል የነርቭን ምስጢር የመረመረች ሴት



በዚህ እትም የሕይወት ታሪኳን የምጽፍላችሁ ሴት ጣሊያናዊት ናት። በእኛ አገር፣ በመንዝና በግሼ፣ ጣሊያን ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የተቃጠለ ቤት፣ የተነዳ ከብት፣ ከዋሻ ዋሻ መደበቅ ነው። ይህን ረስቼ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም የእሷ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ሚያዝያ 14 ቀን 1901 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን በቶሪኖ ከተማ ተወለደች። መንታ ነበረች፤ መንትያዋ ፓኦላ ትባላለች። ከእነሱ በላይ ወንድማቸው ጂኖና እህታቸው አና ነበሩ። አባቷ አዳሞ ሌቪ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ እናቷ አዴሌ ሞንታልቺኒ ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ። ቤተሰቡ የአይሁድ ወገን ነው። በቤቱ ገንዘብም መጽሐፍም ፍቅርም አልጠፋም።

ችግሩ ሌላ ነበር። አባትየው ሴቶች ልጆቻቸውን ይወዳሉ፣ ያከብራሉም። ነገር ግን ሴት ልጅ በሙያ ከገፋች ለትዳርና ለእናትነት አትሆንም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሦስቱም ሴቶች ልጆቻቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰውን ትምህርት እንዳይማሩ ወሰኑ። ይህን የምጽፈው አባትየውን ለመውቀስ አይደለም። ክፉ አባት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ልጁን የሚወድ ሰው፣ ለልጁ አስቦ፣ መንገዷን ሲዘጋ ነው የሚከብደው። ይህን ዓይነት አባትና እናት በየቀበሌያችን እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችን ያደግነው በእነሱ እጅ ነው።

ሪታ ሃያ ዓመት እስኪሆናት ቤት ተቀመጠች። በልጅነቷ ያሳደገቻቸው ሞግዚት ጆቫና በጨጓራ ካንሰር ታማ ሞተች። ሪታ ሐኪም ለመሆን የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። ለአባቷ ነገረቻቸው። አባትየው በሐሳቡ ባይስማሙም አልከለከሏትም። እሷም ከአክስቷ ልጅ ከኤውጄኒያ ጋር ሆና፣ ሌሎች በዓመታት የሚማሩትን ላቲን፣ ግሪክኛና ሒሳብ በስምንት ወር አጥንታ ፈተናውን አለፈችና በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባች። አባቷ ብዙም አልቆዩ፤ በ1924 ዓ.ም. ሞቱ። የልጃቸውን ምርቃት አላዩም።

በትምህርት ቤቱ ያገኘቻቸው መምህር ፕሮፌሰር ጁሴፔ ሌቪ ይባላሉ፤ የስም መመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ቁጡ ነበሩ፣ ነገር ግን ነርቭን በማይክሮስኮፕ መመልከት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከእሷ ጋር ከተማሩት መካከል ሳልቫዶር ሉሪያና ሬናቶ ዱልቤኮ ይገኙበታል። ሦስቱም በየጊዜያቸው የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከአንድ መምህር እጅ ሦስት የኖቤል ተሸላሚዎች ሲወጡ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ነው፤ መምህሩ ግን ሽልማቱ አልደረሳቸውም።

ሪታ በ1928 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ በነርቭና በአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት ጀመረች። 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ተባባልነው ቦታ ደርሰናል። ፋሺስቶች የዘር ሕጋቸውን መጀመሪያ ያወጡት በራሳቸው አገር አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በያዙት አገራችን ጣሊያናዊ ወንድ ከጥቁር ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጡ። ቀጥሎም ያው አስተሳሰብ ወደ ቤታቸው ተመለሰ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. በወጣው የዘር ሕግ አይሁዳውያን ከመንግሥት ሥራ፣ ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ሪታም ከምርምሯና ከሆስፒታል ሥራዋ ተከለከለች። በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት የላከው ጦር በእኛው አገር በዘረት አጠገብ አመፀኛ ዋሻ በተባለው ቦታ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉትን ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀር በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጀ። የእሷ ከሥራ መባረርና የዘረት እልቂት እኩል ናቸው አልልም፤ አይደሉም። ነገር ግን ትእዛዙ የወጣው ከአንድ ቤት ነው። ለዚህ ነው ጣሊያናዊቷን ሪታን ከእነዚያ ጣሊያኖች ጋር በአንድ ከረጢት የማልከታት።

ለጥቂት ወራት ወደ ቤልጅየም ሄዳ በብራስልስ ሠራች። የጀርመን ጦር ቤልጅየምን ከመውረሩ በፊት ግን ወደ ቶሪኖ ተመለሰች። ከዚህ በኋላ ለቤተሰቡ ሁለት ምርጫ ነበር፤ ወደ አሜሪካ መሰደድ ወይም ደጅ ሳይወጡ ቤት ውስጥ አንድ ነገር መሥራት። ሁለተኛውን መረጡ፤ ሪታም መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገችው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የታሪኳን ይህን ክፍል ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ያላትን ዕቃ ልንገራችሁ። የስፌት መርፌዎችን በመሳያ ድንጋይ ስላ እንደ ቀዶ ጥገና ቢላዋ ተጠቀመችባቸው። የሰዓት ሠሪ ጉጠት፣ የዓይን ሐኪም ትንሽ መቀስ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ እንቁላል የሚሞቅበት ትንሽ ሣጥን ነበራት። ወንድሟ ጂኖ የአርክቴክትነት ሙያውን ተጠቅሞ አግዟታል። የምትመረምረው ሰው ወይም ውድ እንስሳ አልነበረም፤ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለውን ሽል ነው። ለእንቁላል ደግሞ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ብዙም ሳይቆይ ከቤልጅየም ያመለጡት ቁጡው ፕሮፌሰር ሌቪ መጥተው በዚያች ጠባብ ክፍል የእሷ ረዳት ሆኑ። መምህር የተማሪው ረዳት ሲሆን!

ቶሪኖ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ኮረብታ ሸሸ። እሷም ቤተ ሙከራዋን በአንዲት ጎጆ ጥግ እንደገና አቋቋመች። በብስክሌት ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየዞረች እንቁላል ትለምን ነበር። የሚያስፈልጋት አውራ ዶሮ ያለበት ቤት እንቁላል ነው፤ ይህን የእኛ ሴቶች ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ምክንያት ምግብ ጠፍቶ ስለነበር ሽሉ ከወጣ በኋላ የቀረው እንቁላል አይጣልም፤ ተጠብሶ ይበላል። ወንድሟ ይህን ያወቀ ዕለት፣ በጣም ይወደው የነበረውን ጥብስ መብላት አቆመ ይባላል።

ታዲያ ምን ትፈልግ ነበር? በአሜሪካ የሚኖሩ ቪክቶር ሀምበርገር የተባሉ ሳይንቲስት አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። እንቁላል ውስጥ ካለው ሽል ገና ያልወጣውን የክንፍ ወይም የእግር እምቡጥ ቆርጠው ሲያወጡ፣ በዚያ ጎን የነርቭ ሕዋሳቱ አነስተው ተገኙ። ሀምበርገር ያሰቡት ክንፉ ስለሌለ ነርቮቹን የሚጠራቸው ጠፍቶ ሳይፈጠሩ ቀሩ ብለው ነው። ሪታ ያንኑ ሙከራ በመርፌዋ ደጋግማ፣ በየሰዓቱና በየቀኑ ያለውን ለውጥ አየች። ያገኘችው የተለየ ነው። ነርቮቹ ይፈጠራሉ፤ ያድጋሉ፤ ወደ ክንፉ ጉዞ ይጀምራሉ። የሚደርሱበት ቦታ ምንም ሲያጡ ግን ይሞታሉ። እንግዲያው ነርቭ በሕይወት የሚኖረው ከሚደርስበት አካል አንድ የሚመግበው ነገር ሲያገኝ ነው ማለት ነው። ያ ነገር ምንድን ነው የሚለውን ለማወቅ ገና ብዙ ዓመታት ይቀሩ ነበር።

በጣሊያን መጽሔቶች አይሁዳዊ ሰው መጻፍ ስለማይችል ውጤቷን በውጭ አገር መጽሔቶች አሳተመችው። ከዚያ በ1936 ዓ.ም. መግቢያ ጀርመኖች ጣሊያንን ያዙ። ቤተሰቡ ወደ ፍሎረንስ ሸሽቶ ስሙን ቀይሮ ተደበቀ። ፍሎረንስ በነሐሴ 1936 ነፃ ስትወጣ ሪታ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር በስደተኞች መጠለያ በሐኪምነት አገለገለች። ተስቦና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በየቀኑ ሰው ይገድሉ ነበር፤ መድኃኒት አልነበረም። ሐኪም ሆና ሕመምተኛዋን ከልቧ ማራቅ እንደማትችል ያወቀችው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው አላከመችም፤ ወደ ምርምር ተመለሰች።

ሀምበርገር የእሷን ጽሑፍ አንብበው በሐሳቧ ስላልተስማሙ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጠሯት። ይህ ትልቅነት ነው። ተሳስተሃል ያለችን ሰው ጠርቶ አብሮ እንሥራ ማለት ብዙ ጊዜ አይታይም። በ1940 ዓ.ም. መግቢያ ለአንድ መንፈቅ ብላ ሄደች፤ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆየች። ሀምበርገርም አብረው መርምረው እሷ ልክ እንደነበረች ተቀበሉ።

ቀጥሎ ያለው የሳይንስ ታሪክ ረጅም ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። አንድ ሌላ ተመራማሪ የአይጥ እባጭ በዶሮ ሽል ላይ ሲተክል ነርቮች ወደ እባጩ ሲያድጉ ተመልክቶ ነበር። ሪታ ይህን ደግማ ስትሠራ ነርቮቹ ከልክ በላይ እየበዙ፣ መግባት በማይገባቸው ቦታ፣ በደም ሥር ውስጥ ሳይቀር ሲገቡ አየች። ስለዚህ እባጩ የሚያመነጨው፣ በደም የሚጓዝ አንድ ፈሳሽ ነገር አለ አለች። ይህን ለማረጋገጥ በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ጓደኛዋ ሄርታ ማየር ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ፣ እባጭ ያለባቸውን አይጦች ይዛ በአውሮፕላን ተጓዘች። እዚያ የነርቭ ቁራጭ ከእባጩ አጠገብ በብርጭቆ ውስጥ ስታስቀምጥ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የነርቭ ክሮች በዙሪያው እንደ ፀሐይ ጨረር ወጡ። ያ ሥዕል ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት አለ።

ነገሩን አንጥሮ ለማውጣት የኬሚስትሪ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ስታንሊ ኮሄን በ1945 ዓ.ም. አብሯት መሥራት ጀመረ። እባጩ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ለሌላ ሥራ የእባብ መርዝ ሲጨምሩ መርዙ ራሱ ነርቭ የሚያሳድገውን ነገር በብዛት ይዞ ተገኘ። የእባብ መርዝ ከምራቅ ዕጢ እንደሚወጣ አስበው የወንድ አይጥ ምራቅ ዕጢ ቢመረምሩ እዚያም በብዛት አገኙት። ፕሮቲን ነው። የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ብለን ልንጠራው እንችላለን። ከዚያ በፊት ሕዋስ እንዲያድግ ወይም እንዲሞት በእንደዚህ ዓይነት መልእክት እንደሚታዘዝ ማንም አላሳየም ነበር። ዛሬ ስለ ካንሰር፣ ስለ ቁስል መዳንና ስለ እርጅና የመርሳት በሽታ የሚደረገው ምርምር በብዙ መልኩ በዚህ መንገድ ያልፋል።

ለዓመታት ብዙ ሳይንቲስቶች ውጤቷን ችላ አሉት። የኖቤል ሽልማት የመጣው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ለእሷና ለኮሄን። ዕድሜዋ ሰባ ሰባት ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ሽልማቱ ሀምበርገርን መተዉ በጊዜው ብዙ ሰው አስከፍቷል፤ እኔም ከተከፉት ጋር ነኝ። ጥያቄውን የጀመሩትና በሩን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። ሽልማቱ ለሦስት ሰው ሊከፈል ይችል ነበር።

አላገባችም፤ አልወለደችም። ይህ በእኛ ዘንድ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ነው፤ በአገሯም ይጠየቅ ነበር። መንትያዋ ፓኦላም ሠዓሊ ሆና ሳታገባ ኖረች። ከአሜሪካ ስትመለስ በሮም አብረው ይኖሩ ነበር፤ ፓኦላ በ1993 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ። አባትየው የፈሩት ደረሰ የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የእሷን ሕይወት እንደ ትእዛዝ አላየውም። ከእኛ መካከል አምስት ወልዳ የምትማር አለች።

ከሽልማቱ በኋላ ያለው ዘመኗ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርብ ነው። ስሟ ሲታወቅ ዝናዋን ሰውን ለማስተማር ተጠቀመችበት። ነርቭን የሚጎዳውን፣ በእንግሊዝኛ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን በሽታ የሚታገለውን የጣሊያን ማኅበር ለረጅም ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በ1993 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ የምክር ቤት አባል ተደርጋ በአገሯ ፕሬዚዳንት ተሾመች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሮም የአእምሮ ምርምር ተቋም አቋቋመች። ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ስለ አእምሮና ስለ እርጅና መጻሕፍት ጻፈች። ካስተማረችው አንዱ ይህ ነው፦ በእርጅና የነርቭ ሕዋሳት ቢቀንሱም የቀሩት አዲስ ግንኙነት ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ አእምሮ የሚሠራበት ሰው በሽታ ካልያዘው በስተቀር እስከ መጨረሻው ማሰብ ይችላል። ራሷ ዓይኗ ደክሞ ጆሮዋም ከብዶ ሳለ ከዘጠና ዓመት በኋላም ሥራዋን አልተወችም።

ይህን ስጽፍ በየቤታችን ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አሮጊቶች አስባለሁ። በጓሳ ብርድ ከቤት የማይወጡ፣ ባናቸውን ተከናንበው ማንም የማያነጋግራቸው፣ ጃጅታለች ተብለው የተተዉ አሉ። ከጃጁት ይልቅ የሚያዋራ ያጡት ይበዛሉ ብዬ እገምታለሁ። ስለ አእምሮ ሕመምም እንዲሁ። በእኛ አገር አማኑኤል የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ መሰደቢያ ሆኗል። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ከሰው ትደበቃለች። ጸበል መውሰድ የእምነታችን ነው፤ የምነካው አይደለም። ነገር ግን አእምሮ እንደ ጉበትና እንደ ልብ አካል ነው፤ ይታመማል፤ ለብዙው ሕመሙም ሕክምና አለው። ጸበል የምትወስደው እናት ክኒኑንም ልትሰጥ ትችላለች። ሪታ ስለ ጸበል አታውቅም ነበር። የምታውቀው በማይክሮስኮፕ ያየችውን ነው፤ ነርቭ የሚደርስበትን አካል፣ አካሉም የሚልክለትን ምግብ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከፓኦላ ጋር በአባታቸው መታሰቢያ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ እንዳይማሩ በወሰኑት አባት መታሰቢያ። መጀመሪያ ወጣቶች ሙያቸውን እንዲመርጡ የሚረዳ ነበር። ኋላ ላይ ግን ሥራው ለአፍሪካ ሴቶች የትምህርት ወጪ መሸፈን ሆነ፤ ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ። ስለዚሁ ጉዳይ ከዘጠና አምስት ዓመቷ በኋላ ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ «ሔዋን አፍሪካዊት ነበረች» የሚል ነው። የሴት ልጅ ትምህርት ከተዘጋ አገር ግማሽ አእምሮውን እንደጣለ ይቆጠራል የሚል ክርክር ለዓመታት ይዛ ዞራለች። ያንን ክርክር መጀመሪያ የጀመረችው በሃያ ዓመቷ፣ በአባቷ ፊት ነው። ያን ጊዜ ያስፈለጋት የአንድ ሰው እሺታ ብቻ ነበር። ዛሬ በእኛ ማኅበር ያን እሺታ የያዙት እናቶች ናቸው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችውን ልጅ ወደ መሐል ሜዳ ትላክ ወይስ ትዳር ትያዝ የሚለው ቃል ቢያንስ በግማሹ ከእኛ አፍ ይወጣል።

በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሞላት፤ ከኖቤል ተሸላሚዎች መቶ ዓመት የደረሰች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ታኅሣሥ 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በሮም በቤቷ አረፈች። አንድ መቶ ሦስት ዓመት ኖራለች። ከሞተች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ያገኘችው ፕሮቲን በፋብሪካ ተሠርቶ የዓይን ጠብታ ሆነ። ነርቩ በመጎዳቱ የዓይኑ ብሌን እየቆሰለ ለሚታወር ሕመምተኛ የሚሰጥ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በአውሮፓ፣ በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። ዋጋው እጅግ ውድ ስለሆነ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም።